የልጅ ልጅ ጠብቄ የተቀበልኩት ገንዘብ ደመወዝ ነው ወይስ ስጦታ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ ነው። ረዘም ስለሚል ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 63 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ሴት ልጄ ከባሏ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ግሪን ካርድ አውጥታልኝ ወሰደችኝ። ሁለቱም ሠራተኞች ስለሆኑ የአምስትና የሁለት ዓመት ልጆቻቸውን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

በ2024 እንዲሁ የኪስ እያለች ትሰጠኝ ነበር። በ2025 ግን ከጃንዋሪ ጀምሮ በየወሩ 800 ዶላር በባንክ ታስገባልኝ ጀመር። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አሥር ወር ሙሉ አላቋረጠችም። የአስተማሪነት ልማድ ሆኖብኝ እያንዳንዱን ትልቁ የልጅ ልጄ በሚሥልበት ደብተር ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ለሰርግ ደሴ መጣሁ። በእኔ ቦታ ታናሽ እህቴ ገባች። እሷ ዲቪ ደርሷት የሄደች ናት። በወር 1,500 ይሰጧታል።

አሁን ልጄ ደውላ ‹እማ፣ ታክስ ልንሠራ ነው፤ ስምሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ሙይልኝ› ብላ አንድ ወረቀት በቴሌግራም ላከችልኝ። ለጎረቤት ልጅ አሳየሁት። ‹እትዬ፣ ይሄ ለሞግዚት የሚሞላ ነው› አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። አምና ጥገኛ ብላ አስመዝግባኝ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ሞግዚት ልሆን ነው? ገንዘቡን በመቀበሌ ልጄን ዕዳ ውስጥ ከትቻት ይሆን? ጎረቤቴ ‹ስጦታ ነው በይ፣ ለዘመድ ታክስ የለም› ትለኛለች። እሷም ልጇን ልታርስ በጉብኝት ቪዛ ልትሄድ ነው፤ ‹እኔም ገንዘብ ይሰጡኛል› እያለች ነው። ለመሆኑ የልጅ ልጅ ጠብቆ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ወይ?»

እናቴ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። ልጅዎን ዕዳ ውስጥ አልከተቷትም። እንዲያውም ያንን ወረቀት በትክክል ከሞሉላት ከታክሷ ላይ እስከ 1,200 ዶላር ሊቀነስላት ይችላል። እርስዎም በጻፉልኝ ቁጥር ከሄድን የሚከፍሉት የፌዴራል ገቢ ግብር አይኖርም። የእርስዎ ነገር ቀላል ነው። እኔን ያሳሰበኝ የእህትዎና የጎረቤትዎ ነው። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ከቁጥሩ በፊት ግን እንቅልፍ የነሳዎትን ነገር እናንሳ።

ቨርጂኒያ ሳለሁ ስድስት የታክስ ወቅት በሂሳብ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አንዲት የእኛ አገር ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። «ልጆቹን ማን ይይዝልሻል?» አልኳት። «እናቴ» አለች። «ስንት ትከፍያታለሽ?» ስላት ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናትየው የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች፣ እየፈታች ቆየች። በመጨረሻ «እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ ለቡና ትሰጠኛለች» አለች። የልጅቷ የባንክ ወረቀት ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። በየወሩ በመጀመሪያው ቀን፣ እኩል ገንዘብ፣ ለአሥራ አንድ ወር። ያቺ እናት ውሸታም አልነበረችም። «ደመወዝ» የሚለው ቃል ከልጇ የሚያርቃት መስሏት ነው። እርስዎም እንቅልፍ ያጡት ለዚህ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ አያት ልጅ አሳድጋ ዋጋ አትጠይቅም። ባዶ እጇን ግን ቀርታ አታውቅም። ከኩታበር እስከ ሐይቅ የትኛውም ቤት ቢገቡ፣ ልጁን ለአያቱ የሰጠ ሰው በዓል ሲመጣ ነጠላውን፣ ቡናውን፣ ስኳሩን ይዞ ይመጣል። ጤፍ ሲገባ ከማዳበሪያው ይቀነሳል። ይሄ ነውር ሆኖ አያውቅም። ከማለዳ እስከ ምሽት ሁለት ሕፃን መያዝ ከባድ ሥራ ነው፤ በ63 ዓመት ደግሞ ወገብ ይሰብራል። ልጅዎ ይሄን አይታ በየወሩ መቁረጧ የሚያስመሰግናት ነው። እርስዎም በመቀበልዎ ምንም አላጠፉም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል የታክስ መሥሪያ ቤቱ ቃል ነው። ልጆቹ ዘንድ ስምዎ አያት ነው፤ ሲመለሱም በር ላይ የሚጠሩዎት በዚያው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ምክር እንምጣ። «ስጦታ ነው በይ» ያለችዎትን አይቀበሏት።

ስጦታ የሚባለው ምንም ሳይጠበቅበት የተሰጠ ነው። በ2025 አንድ ሰው ለአንድ ሰው እስከ 19,000 ዶላር ቢሰጥ ሰጪው ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ እንኳ የለበትም። ለተቀባዩም ገቢ አይሆንበትም። ስለዚህ ቃሉ ያጓጓል። ግን ራስዎን ይጠይቁ። ደሴ ቁጭ ብለው ልጆቹን ባይዙ ኖሮ 800ው ይገባልዎት ነበር? በኦክቶበር መጨረሻ ሲመጡ ገንዘቡ ቆመ። እህትዎ በቦታዎ ስትገባ ከኖቬምበር ጀምሮ ለእሷ መከፈል ጀመረ። ይሄ የሥራ ክፍያ ነው። በ2024 የኪስ እያለች የሰጠችዎት ሌላ ነው፤ እሱ ስጦታ ነበር። ለሰርጉ የሚሆን ብላ ደሴ የምትልክልዎትም ስጦታ ነው።

ይህን ያህል የቆምኩበት ምክንያት አለኝ። ልጅዎ ወረቀቱን የላከችልዎት «ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው ከፍዬአለሁ» ብላ የታክስ ቅናሽ ልትጠይቅ ነው። እርስዎ ደግሞ «ስጦታ ነው» ካሉ፣ ያው 8,000 ዶላር አሌክሳንድሪያ ደመወዝ፣ ደሴ ስጦታ ሊባል ነው። አንድ ገንዘብ አንድ ስም ይኑረው። ችግር የሚመጣው ክፍያው ሁለት ስም ሲይዝ ነው። የእርስዎ ቁጥር ፎርሟ ላይ ስለሚሰፍር መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ለማነጻጸር ብዙ አይደክምም።

ደመወዝ ካልነው ታዲያ ምን ይመጣል?

የአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ቤትሽ መጥቶ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ አንቺ የምትወስኚ ከሆነ «የቤት ተቀጣሪ» ይለዋል። በ2025 ለአንድ የቤት ተቀጣሪ በጥሬ ገንዘብ 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ የከፈለ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ ይመጣበታል። ከሠራተኛው 7.65 በመቶ፣ ከአሠሪው 7.65 በመቶ፣ በድምሩ 15.3 በመቶ ነው። እዚያ አገር ያሉት «የሞግዚት ታክስ» የሚሉት ይሄን ነው። የ8,000 ዶላር ሲሰላ 1,224 ይሆናል። እርስዎ «ዕዳ» ብለው የፈሩት ይሄን ሳይሆን አይቀርም።

እናት ግን ከዚህ ነፃ ናት። ሕጉ ሰው ለወላጁ የሚከፍለውን ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር ታክስ አውጥቶታል። ከፌዴራሉ የሥራ አጥነት ታክስም እንዲሁ። ለዚህም አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ልጅዎ ባሏን ፈትታ ሳታገባ የቀረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ወይም ባሏ በሕመም ምክንያት ልጆቹን መያዝ የማይችል ቢሆን ኖሮ ሶሻል ሴኩሪቲውና ሜዲኬሩ ይከፈል ነበር። እርስዎ እንደጻፉልኝ ባሏ አለ፣ ጤነኛ ነው፣ ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ በእርስዎ በኩል ልጅዎ የምትከፍለው የሞግዚት ታክስ የለም። በየወሩ ከ800ው ላይ ምንም አለመቁረጧም ስህተት አይደለም።

አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ሳልነግርዎ ባልፍ ደግ አይሆንም። ታክሱ ስላልተከፈለ እነዚያ አሥር ወሮች ለእርስዎ ሶሻል ሴኩሪቲ አይቆጠሩም። እዚያ አገር በራስ ሥራ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል። በዓመት ቢበዛ አራት ነጥብ ስለሚገኝ ቢያንስ አሥር ዓመት መሥራት ይጠይቃል። እርስዎ የአስተማሪነት ጡረታዎ ደሴ ስላለ ይሄ ብዙ አያሳዝንዎት ይሆናል። ሌላ አንባቢ ግን በልጇ ቤት እየሠራች ለጡረታ እየቆጠረች መስሏት እንዳትቀመጥ ብዬ ነው።

ገቢዎስ? ገንዘቡ ገቢ ነው። ደብልዩ-2 የሚባለው የደመወዝ ወረቀት ባይሰጥዎትም ገቢነቱ አይቀርም። የታክስ ፎርም ሲሞሉ ፎርም 1040 ላይ፣ መስመር 1ቢ፣ ደብልዩ-2 ያልወጣለት የቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚጻፍበት ቦታ አለ። 8,000 ብለው እዚያ ይጽፋሉ። ከ65 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ሰው በ2025 ገቢው ሁሉ ተደምሮ 15,750 ዶላር ካልደረሰ የፌዴራል ገቢ ግብር አይደርስበትም። የቨርጂኒያ ስቴት ሕግ ለብቻው ነው፤ ልጅዎ አብራ ታየው።

ተደምሮ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለአሜሪካ ታክስ የሚያሳውቀው የትም ያገኘውን ገቢ ነው። ሰኞ ገበያ ያለውን የጡረታ ብር ይጨምራል። ግቢዎ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ካከራዩ ኪራዩንም ይጨምራል። የደሴ ጡረታና ኪራይ በዶላር ሲመነዘር ትንሽ ነው፤ 8,000 ላይ ተደምሮ 15,750 ይሞላል ብዬ አልሰጋም። ግን ደምረው ይወቁት። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ባንኮች ያለዎት ገንዘብ በሙሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር በልጦ ከሆነ ደግሞ ይሄንንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቤት ሸጠው ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጡ ብዙ እናቶች ይሄን አያውቁም።

ግዴታ ባይሆንብዎትም ፎርሙን ቢያስገቡ እመርጣለሁ። ነገ ዜግነት ሲያመለክቱ ስለ ታክስ ይጠየቃሉ። የዚያን ጊዜ «ገቢዬ ይሄ ነበር፣ ይኸው» ብሎ ወረቀት ማውጣት ልብ ያሳርፋል።

«አምና ጥገኛ፣ ዘንድሮ ሞግዚት» ያሉት ደብዳቤዎን ሁለተኛ ጊዜ እንዳነበው አድርጎኛል። እዚህ ላይ ልጅዎም ብትሰማኝ ደስ ይለኛል።

ወላጅን ጥገኛ ብሎ ለማስመዝገብ ከግማሽ በላይ ወጪውን መሸፈን ያስፈልጋል። የወላጁም ገቢ ከተወሰነ መጠን በታች መሆን አለበት። ለ2024 ገደቡ 5,050 ዶላር ነበር። ያኔ ደመወዝ ስላልነበረዎት ጥገኛ መባልዎ ትክክል ነበር፤ በዚያም 500 ዶላር ቅናሽ አግኝታ ይሆናል። ለ2025 ገደቡ 5,200 ነው። የእርስዎ ገቢ 8,000 ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ጥገኛ ተብለው መመዝገብ አይችሉም። አምና ስለተመዘገቡ ብቻ በልማድ ዘንድሮም ስምዎን እዚያው ካስገባችው ፎርሟ ሊመለስባት ይችላል። ይሄ ስህተት በጣም ብዙ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ የአምናውን ስም ራሱ ያመጣዋል፤ ሰውም ሳያይ ያልፈዋል።

ጥገኛ ካልሆኑ ደግሞ የልጅ እንክብካቤው ቅናሽ ይከፈታል። ሁለቱ ተያይዘዋል፤ አንድ ሰው ጥገኛዬ ብሎ ላስመዘገበው ሰው የከፈለውን ለዚህ ቅናሽ መቁጠር አይችልም። ለሚስቱ ወይም ለባሏ፣ ለልጁ ወላጅ፣ ከ19 ዓመት በታች ለሆነ የራሱ ልጅ የተከፈለም አይቆጠርም። ለአያት ግን ይቆጠራል። ፎርሙ 2441 ይባላል። ዕድሜያቸው ከ13 በታች ለሆኑ ልጆች ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ሥራ ስላላቸው የተከፈለ መሆን አለበት። ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ይያዝላታል። ለ2025 የባልና የሚስት ገቢ ተደምሮ ከ43,000 ዶላር በላይ ከሆነ ቅናሹ የዚያ 20 በመቶ ነው። የ6,000 ሃያ በመቶ 1,200 ነው። መሥሪያ ቤቷ ከደመወዟ ላይ ለልጅ እንክብካቤ ብሎ ከታክስ በፊት የሚይዝላት ገንዘብ ካለ ግን ከ6,000ው ላይ ይቀነሳል። እሱን እሷ ታውቀዋለች።

የላከችልዎት ወረቀትም ይሄው ነው። ደብልዩ-10 ይባላል። ስም፣ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ፊርማ ነው የሚጠይቀው። ወደ መንግሥት አይላክም፤ ልጅዎ ከራሷ ዶሴ ጋር ታስቀምጠዋለች። ቁጥርዎን ግን ፎርም 2441 ላይ ትጽፈዋለች፤ ካልጻፈች ቅናሹን ልትከለከል ትችላለች። ሌላ ምንም ተንኮል የለበትም።

አሁን እህትዎ።

እኛ ወሎዬዎች ዘመድ ስንቆጥር መጨረሻ የለውም። ኮምቦልቻ ያለው የአክስት ልጅ ወንድም ነው፤ የገራዶዋ የአጎት ሚስት እናት ናት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጋብቻና በጡት ተሳስሮ ማን ለማን ምን እንደሆነ ሽማግሌ ካልነገረን አናውቀውም። «ለዘመድ ታክስ የለም» የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር ሲገናኝ አደገኛ ይሆናል። የአሜሪካ ሕግ በዚህ ጉዳይ ዘመድ የሚላቸው ሦስት ብቻ ናቸው። የትዳር ጓደኛ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ የራስ ልጅ፣ እና ወላጅ። አክስት የለችበትም። እህት የለችበትም። የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ የለበትም። እህትዎ ለልጅዎ አክስት ናት። በዚህ ሕግ ፊት ከማንኛዋም ባዕድ ሞግዚት ጋር እኩል ናት።

እንቁጠረው። ኖቬምበርና ዲሴምበር፣ 1,500 ሲባዛ በሁለት፣ 3,000 ዶላር። 2,800ውን አልፏል። ስለዚህ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩ በሙሉው 3,000 ላይ ይከፈላል። ከእህትዎ 229 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ከልጅዎ 229 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በድምሩ 459 ዶላር። በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ስለተከፈለም የፌዴራል የሥራ አጥነት ታክስ አለ። መጠኑ 6 በመቶ ነው፤ የስቴቱን የሥራ አጥነት ታክስ በጊዜው ከከፈለች እስከ 0.6 በመቶ ሊወርድላት ይችላል። ይሄ ከእህትዎ ኪስ አይወጣም፤ የአሠሪዋ ብቻ ነው።

ልጅዎ ከእህትዎ ደመወዝ ላይ ያልቆረጠች ከሆነ፣ ሳይቆረጥ የቀረውን ድርሻ የምትጠየቀው እሷው አሠሪዋ ናት። ከራሷ ኪስ መክፈልም ትችላለች። እኔ ብሆን የሁለቱን ወር ራሴ እከፍልና ከዚህ በኋላ ያለውን ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብዬ እነጋገራለሁ። ባለፈ ወር የበላችውን ገንዘብ መልሺ ማለት ቤተሰብ ያስቀይማል።

የሚያስፈልጓት ነገሮች ብዙ አይደሉም። የአሠሪ መለያ ቁጥር ከአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታወጣለች። ለእህትዎ ደብልዩ-2 ታዘጋጃለች፤ ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 31 ነው፤ ዘንድሮ ቅዳሜ ስለዋለ እስከ ሰኞ ጥር 25 ድረስ ጊዜ አላት። ስኬጁል ኤች የሚባለውን ፎርም ከራሷ ታክስ ጋር አያይዛ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ታስገባለች። የገቢ ግብር ከደመወዙ ላይ ማስቀረት ግን ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱ ከተስማሙ ብቻ ነው። ለእህትዎ ደግሞ ጥቅም አለው። እነዚያ ወሮች ለእሷ ሶሻል ሴኩሪቲ ይቆጠሩላታል። ገና አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ልትሠራ ላለች ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «ዘመድ ናት» ብሎ ዝም ማለት እሷን መጉዳት ነው። ስታረጅ የሚጠይቋት ዛሬ ያልተመዘገበላትን ነው።

ጎረቤትዎን በተመለከተ አደራ አለብኝ። ቡና ሲያፈሉ፣ በረካው ላይ ሲደርሱ፣ ይሄን ንገሯት። በጉብኝት ቪዛ የሄደ ሰው አሜሪካ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም። ልጇን ማረስ፣ ገንፎ ማገንፋት፣ የተወለደውን ማቀፍ ማንም አይከለክላትም፤ እናት ናት። በወር ይሄን ያህል ተብሎ ለሥራ የሚከፈል ገንዘብ ግን አትቀበል። ኤርፖርት ላይ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ሲሏት «ልጅ ልጠብቅ፣ ይከፍሉኛል» ብላ መልስ ብትሰጥ ከበር ልትመለስ ትችላለች። ልጇ አንድ ቀን ልብስ ብትገዛላት፣ ስትመለስ ስጦታ ብታሸክማት ሌላ ነው። የእሷ ጉዳይ ከታክስ የከፋ ነው፤ ወደፊት ልትመለስ ብትፈልግ በር ሊዘጋባት ይችላል። እርስዎና እሷ አንድ ሥራ ስለሠራችሁ አንድ ሕግ አይመለከታችሁም። እርስዎ ግሪን ካርድ አለዎት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ያልለመድነው በምክንያት ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ከገጠር የዘመድ ልጅ አምጥቶ ልጅ የሚያስይዝ ቤት ሁሉ ስለ ታክስ አስቦ አያውቅም። ያንን ልማድ ይዘን ስንሻገር ነው የምንደናገጠው። የእርስዎ ድንጋጤም ከዚያው ነው የመጣው።

ደብተሩን አይጣሉት። በባንክ ከገባው ጋር ወር በወር ያስተያዩት። አንዱ ወር ላይ 800 ሳይሆን 900 ገብቶ ከሆነ፣ ትርፉ ለምን እንደሆነ ከጎኑ ይጻፉ፤ ለጫማ ከሆነ ለጫማ፣ ለመድኃኒት ከሆነ ለመድኃኒት። ከዚያ የሁለታችሁ ድምር አንድ መሆኑን በስልክ አረጋግጡ። እሷ 8,000 ስትል እርስዎም 8,000 ይበሉ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ እንዳይለጥፉት። ለጎረቤት ልጅም ፎቶ አያስነሱት። ወረቀቱን በእጅዎ ሞልተው ይፈርሙና ለልጅዎ ብቻ ይላኩ፤ ቁጥሩን ደግሞ በድምፅ ይንገሯት። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢደውሉላት እዚያ እኩለ ቀን ነው፤ የምሳ ሰዓቷ ላይ ያገኟታል። አምና ጥገኛ ያለችዎትን ዘንድሮ እንዳትደግመው ይንገሯት። የአክስቷን ነገር ያንሱላት፤ ደብልዩ-2ው ቀኑ ስለደረሰ መጀመሪያ እሱን ትያዝ። ከዚያ ልጆቹን በስልኩ ያሳዩዎት።